ብረቱ፣ በርሜሉና እማዬ

ባጃጅ እንዳይገባ መንገዳችን ላይ ብረቱ እንዲተከል ከፈረሙት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ በመጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ከአንዱ አስፋልት ወደ ሌላው የምታሻግር ጠባብ መንገድ አለች። የድሬን ባጃጅ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዳዳ ካየ ይገባል። ዋናው መንገድ ሲጨናነቅ ሁሉም በኛ በር ይሾልክ ነበር። ልጆች በር ላይ መጫወት አቆሙ። በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ሕፃን እግሩን ተገጨ፤ ደግነቱ አጥንቱ አልተሰበረም። በዚያው ሳምንት ወረቀት ዞረ፣ ሁላችንም ፈረምን። ቀበሌውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈጥኖ ሰማን። ሰኔ 2011 ላይ በመንገዷ በሁለቱም አፍ ሦስት ሦስት የብረት ቋሚ በሲሚንቶ ተተከለ። ቀይና ነጭ ተቀባ። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ወጡ፣ እኛም ደስ አለን።

ደስታው ሁለት ወር አልቆየም።

ነሐሴ ላይ ቺኩንጉንያ የሚባል ትንኝ የሚያስተላልፈው በሽታ ገባ። ያኔ ድሬ የነበረ ሰው አይረሳውም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የታመመው። በየቤቱ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛል። ጎረምሳው ሳይቀር ጎብጦ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ይሄድ ነበር። ትኩሳቱስ አዲስ አልሆነብንም። በ2006 መጀመሪያ ላይ ደንጊ መጥቶ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ታሟል፤ ያኔ እኔም ተኝቻለሁ። አዲስ የሆነብን የመገጣጠሚያው ሕመም ነው።

እማዬ ያኔ 76 ዓመቷ ነበር። ዕድሜ ልኳን ቀፊራ ገበያ በርበሬና ቅመም ሸጣ ነው ያሳደገችን። ስልሳ ኪሎ ማዳበሪያ ስትጎትት ያየኋት ሴት ናት። አንድ ጠዋት ቡና ተፈልቶ ስኒዋን ልታነሣ ስትል ከእጇ አመለጠ። ዝም ብላ መዳፏን አየችው። «ይሄ እጅ የማን ነው?» አለች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ ቀለበቷ አልወጣ ብሎ ነበር። ማታውኑ አተኮሳት፤ በማግስቱ እግሯን መሬት ማስረገጥ አቃታት።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እናንተ አትሥሩት። ጎረቤት «ለመገጣጠሚያ ዲክሎፌናክ ነው ጥሩው» ሲለኝ ሮጬ ገዝቼ ሰጠኋት። ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ቺኩንጉንያና ደንጊ መጀመሪያ ላይ አይለዩም፤ የሚያስተላልፈው ትንኝም አንድ ነው። ሕመሙ ደንጊ ከሆነ እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉት መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ደንጊ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞል፣ ብዙ ፈሳሽና እረፍት ነው። ለልቧ ወይም ለደሟ አስፕሪን የታዘዘላት እናት ያለችው ሰው በራሱ አያስቁም፣ በራሱም አይቀጥል፤ ሐኪሙን ይጠይቅ። ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ሰውየው ከደነዘዘ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ነገ የሚባል ነገር የለም። በተለይ ትኩሳቱ ሲወርድ «ተሻላት» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ የደንጊ ክፉ ቀን ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው የሚመጣው።

ወደ ጤና ጣቢያ የሄድንበትን ልንገራችሁ። ባጃጅ ጠራሁ። መጣ፣ ብረቱ ጋ ደርሶ ቆመ። ከብረቱ እስከ በራችን 140 እርምጃ ነው። በኋላ ቆጥሬዋለሁ። የባጃጁ ልጅ ወርዶ መጣና አያት። «በምን እናድርሳቸው?» አለኝ። የፕላስቲክ ወንበር አመጣሁ። እሷን አስቀምጠን እኔ በአንዱ፣ እሱ በሌላው በኩል ያዝን። ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ፀሐዩ ግን የድሬ ፀሐይ ነው። በየሃያ እርምጃው እናስቀምጣታለን። ልጁ «አይዞዎት እማማ፣ ደረስን» ይላል። ብረቱ ጋ ስንደርስ ወንበሩ በሁለቱ ቋሚ መሃል አላልፍ አለ። ልጁ በቋሚዎቹ መሃል አቅፎ አሳለፋት። እማዬ የዚህን ጊዜ ቀና ብላ ቀይና ነጩን አየች።

«ይህን የተከለ እጁ ይሰበር» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልጁ አላወቀም።

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ እንደሚሰጥ ተለጥፏል። ወረፋ የሚያስይዘው ጥበቃ ግን ማስታወቂያውን ያነበበው አይመስልም። አልተጨቃጨቅኩም፤ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩ፣ አነበበ፣ አስገባን። ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ ድምፅ ማሰማት አያስፈልግም፤ ጣት ይበቃል።

እማዬ ትኩሳቱ በሳምንት ለቀቃት። መገጣጠሚያው ግን ወራት ፈጀ። በዕድሜ የገፉት ላይ እንዲህ እንደሚቆይ፣ አንዳንዱ ላይም ከዓመት በላይ እንደሚሄድ ነርሷ አስቀድማ ነግራን ነበር። ስለዚህ ምልልስ መጣ። ምልልስ ማለት ወንበር፣ 140 እርምጃ፣ ብረት፣ እርግማን ማለት ነው።

በሦስተኛው ጊዜ ተናድጄ ቀበሌ ሄድኩ። ማመልከቻ የለኝም፣ ምስክር የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። «ብረቱ ይነቀል!» አልኩ። ኃላፊው ረጋ ያለ ሰው ነው። ፋይል አስመጣ፣ ገለጠ፣ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ የፈረሙት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አቦ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ስመለስ ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ሳቁብኝ። ቀጥሎ ያሉኝን ግን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። «ልጄ፣ ይነቀል ካልሽ የልጆቹ እናቶች ይነሡብሻል፤ ቀበሌውም ስህተት ሠራሁ ብሎ መፈረም ይሆንበታል። ይስተካከል በይ» አሉኝ። ማታ አብረን ተቀመጥን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ብረቱ ስላመጣው ጥቅም አመሰገንን፤ ልጆች ከአደጋ ድነዋል። ቀጥሎ በመንገዷ ውስጥ ስንት ቤት ውስጥ መራመድ የማይችል ሰው እንዳለ በቁጥር ጻፍን። ይህን ለማወቅ ከበር ወደ በር ዞሬያለሁ፤ አምስት ቤት ሆነ። ሁለቱን ጭራሽ አላውቃቸውም ነበር፣ ያውም ለሃያ ዓመት ጎረቤት። ከዚያ የምንፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ከሦስቱ ቋሚዎች የመሃለኛው ተነቃይ ይሁን፣ ቁልፍ ይኑረው። መምህሩ መጨረሻ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አስገቡ፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል የሚለውን ማለት ነው። እኔ «ለአንድ ብረት ሕገ መንግሥት?» ብዬ ተከራክሬ ነበር። አልሰሙኝም። አስተማሪ ነዋ!

አምስቱም ቤተሰቦች ፈረሙ፣ የልጁ እግር የተገጨባት እናትም ፈረመች። የእሷ ፊርማ ከሁሉም በላይ ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ። የዕድራችን ሊቀመንበርም ማህተም አሳረፉበት።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ማመልከቻ ለኃላፊው በእጁ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት። የገቢ መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና በራሳችሁ ኮፒ ላይ ያንኑ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማህተምም አስመቱበት። ከዚያ በኋላ ስትመላለሱ «ያ ጉዳዬ ምን ደረሰ?» አትሉም፤ ቁጥሩን ትጠራላችሁ። ቁጥር ያለው ወረቀት የት እንደገባ መፈለግ የእነሱ ሥራ ይሆናል። ኃላፊ ሲቀየር ደግሞ፣ መቀየሩ መቼም አይቀርም፣ አዲሱ ከዜሮ አያስጀምራችሁም። ስትሄዱም ጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ የድሬ ሙቀትና የድሬ በርጫ ጉዳይ አያስጨርስም።

መልሱ ሳይመጣ ሌላ ነገር መጣ። በርሜሉ።

ትንኟ የምትራባው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ቆሻሻ ቦይ ስንረግም ኖረን ጠላታችን ጓዳ ውስጥ ናት። በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ፣ ሁሉም ይመቻታል። ከእንቁላል ተነሥታ በራሪ ለመሆን በእኛ ሙቀት ከሳምንት እስከ አስር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ቀበሌው ወሰነ፦ በየቅዳሜው ጠዋት ሁሉም ሰው በርሜሉን ደፍቶ ይጠብ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት እየዞረች ታያለች።

ሐሳቡ ትክክል ነው። ቀኑ ነው ችግሩ። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ሰኞና ሐሙስ ሌሊት ነበር የሚመጣው። ቅዳሜ ጠዋት የደፋ ሰው እስከ ሰኞ ሌሊት ምን ይጠጣል? በዚያ ላይ ቤት ውስጥ የሚያተኩሰው ሰው አለ፣ ቤቱ ደግሞ ድሬዳዋ ነው። ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ባለሙያዋ ስትመጣ ባዶውን በርሜል ያሳያታል፤ ሙሉው አልጋ ሥር በጀሪካን ተደብቋል። እማዬም ደብቃለች። ተኝታ ነው ያስደበቀችኝ። «እኔ በጋ ውሃ ፍለጋ ስዞር ያደግኩ ሴት ውሃ አልደፋም» አለች። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ የምትባለውን ነው የምታደርገው። ተደብቆ እንደነበር በኋላ ሳጫውታት በጣም ሳቀች።

ስብሰባ ተጠርቶ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሁለቱም ጉዳይ በአንድ ቀን ተነሣ። በበርሜሉ ነገር እጄን አውጥቼ እንደተማርኩት «ይሰረዝ» ሳይሆን «ወደ ፈረቃው ቀን ይዛወር» አልኩ። ሰኞና ሐሙስ ማታ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ አልቆ ጠብታ ነው የሚቀረው። ያን ጊዜ ጨርቅ ታጥቦበት፣ ቤት ተወልውሎበት ይደፋል፤ በርሜሉ ይፈገፈጋል፤ ሌሊት አዲስ ውሃ ይሞላል። ምንም ውሃ አይባክንም። የጤና ባለሙያዋ ራሷ «ይሻላል» አለች። ተቀየረ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

አፈጋፈጉን ግን ከእሷ ተማሩት። መድፋት ብቻውን ዋጋ የለውም። እንቁላሉ ውሃው ላይ አይንሳፈፍም፤ ከውሃው አፍ ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ እንደ ጥቀርሻ ይለጠፋል። ሳይታጠብ ከቀረ ደርቆ ወራት ይጠብቃል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በሸካራ ብሩሽና በሳሙና የውሃው መስመር የደረሰበትን ቀለበት ዙሪያውን መፈግፈግ ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራው ብዙ ነው፣ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ እንቁላሉም እዚያ ሸካራ ላይ በደንብ ይይዛል። እኔ የጆንያ ቁራጭ በአሸዋ ነክሬ ነው የምፈገፍገው። ከዚያ አፉን በነጠላ ወይም በአሮጌ አጎበር አጥብቆ ማሰር። ክዳን ብቻ አይበቃም፣ ትንኝ ጠባብ ቀዳዳም ይበቃታል፤ ከባጃጅ አትለይም።

ስለ አጎበር አንድ ነገር ልጨምር። ይህቺ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፣ በተለይ ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ሽማግሌና አሮጊት ደግሞ ቀን ይተኛሉ። የእማዬን አጎበር ሌሊት ብቻ ነበር የምዘረጋው፣ ለወባ ብዬ። ለወባዋ ትክክል ነው፤ ለዚህኛው ግን የከሰዓቱ እንቅልፍ ነው አደገኛው። አሁን ቀንም ይዘረጋል።

ወደ ብረቱ ልመለስ። አዳራሹ ውስጥ ተቃውሞ ነበር። አንድ ሰው «ቁልፍ ከተሰጠ ነገ ሁሉም ባጃጅ ቁልፍ ይኖረዋል» አለ። ውሸት አይደለም። ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሀጂ ተነሡ። ብዙ አልተናገሩም። «1998 ሐምሌ ላይ ደቻቱ ሌሊት ሲመጣብን በየት ነበር የወጣነው?» አሉ። ጸጥታ ሆነ። ከ200 በላይ ሰው የበላ ጎርፍ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ዘመድ ያላጣ ሰው ጥቂት ነው። «በዚህችው መንገድ ነው። በሩጫ የሚወጣ በብረቱ መሃል ያልፋል። የማይሮጠውስ?» ብለው ተቀመጡ።

ጥቅምት 2012 ላይ የመሃለኛው ቋሚ ተቆርጦ ተነቃይ ሆነ፤ መሬት ውስጥ የብረት ቱቦ ተቀብሮ እሱ ውስጥ ይገባል፣ በጋን ቁልፍ ይቆለፋል። ሦስት ቁልፍ አለ፦ አንዱ ከዕድሩ ሊቀመንበር ጋር፣ አንዱ ከቀበሌው ጸጥታ ጋር፣ አንዱ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ። ሱቁ እስከ ምሽት 4 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ሁልጊዜ የሚሠራው የእሱ ነው። ቁልፍ የወሰደ ሰው ስሙንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጽፋል። ያ ተቃዋሚ ሰውዬ ያለው ደርሶ አንድ ጊዜ ጫት የጫነ ባጃጅ በታማሚ ስም ሊገባ ሞክሮ ነበር። ባለሱቁ የጫቱን ሽታ ሳይቀር ያውቃል፣ አላስገባውም።

ስለ ወጪው ደግሞ በአጭሩ። እማዬ ጡረታ የላትም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ባይኖር ያ ሁሉ ምልልስ ያከስረን ነበር። ምዝገባና እድሳቱ ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ የተወሰነ ወቅት አለው፣ ያመለጠው ይጠብቃል። ቀኑን የቀበሌው ሰሌዳ ላይ እዩ። መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይሸፍንላቸዋል፣ ምልመላው የሚጀምረው ግን ከቀበሌ ነው፤ ቤቱ የተቀመጠ አረጋዊ ሰው ካልጠራው ስሙ አይጠራም። በቀጥታ ሆስፒታልም አትሂዱ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

በር ለበር ስዞር ካገኘኋቸው ከማላውቃቸው ሁለቱ አንደኛው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ድሬዳዋ የከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም የድሃ ቤተሰቦች ድጋፍ ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። መሥራት ለማይችሉ ደግሞ ሥራ የማይጠይቅ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው። እሳቸው ግን ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ሰሌዳው ድረስ መሄድ ስላልቻሉ መቅረታቸውንም አላወቁም። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ መምህሩ ጻፉላቸው፣ እኔ አስገባሁ፣ በሚቀጥለው ዙር ገቡ። እማዬን ግን አልሞከርኩም፤ ደመወዝተኛ ልጅ አላት፣ ለእኛ አይገባንም።

እማዬ አሁን በዱላ ትሄዳለች። ስኒዋንም በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣለች። በወር አንድ ጊዜ ለደም ግፊቷ ስትሄድ ባጃጁ በሩ ድረስ ይመጣል፣ እሷም በዋጋ ትከራከረዋለች። ከፈራሚዎቹ አንዷ እኔ መሆኔን ባለፈው ፋሲካ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው፤ አልተሰበረም።

ጤና ጣቢያው ግቢ ወረፋ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ግን ጥላም አግዳሚ ወንበርም የለም። አረጋውያኑ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ማክሰኞ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፣ ሰባት ፊርማ አለው። የገቢ ቁጥሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ነኝ።